ሱብሂ ነው ወይስ ምሽታችን? እንቅልፋችንን የወሰደው ማነው?

ቢቸና ስናስተምር በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሁልጊዜ የሚያንቀላፋ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበረን። ከመስኮቱ ሥር ይቀመጥና ገና ስም ጠርተን ሳንጨርስ ግንባሩ ዴስኩን ይነካል። አንድ ቀን አስነሥተን ሌሊቱን ምን ሲሠራ እንዳደረ በክፍሉ ፊት ጠየቅነው። «ለሱብሂ ስለምነሳ ነው ቲቸር» አለን። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኛም ሰበብ መስሎን ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ከሰሌዳው አጠገብ አቆምነው። ማስተማሩን ከተውን በኋላ እንኳ ይህን ባስታወስን ቁጥር እናፍራለን።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልጁ ታሞ ሲቀር ልንጠይቀው ወደ ተከራየበት ቤት ሄድን። እንደ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ስንቁን ተሸክሞ መጥቶ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይዟል። ለሦስት አንድ ፍራሽ። የመብራቱ ማብሪያ ያለው በአከራይዋ በኩል ስለሆነ እርሳቸው እስኪተኙ አምፖሉ አይጠፋም። አንደኛው ልጅ እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ይነካካል። መብራቱ ሲጠፋ ደግሞ ከጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ትኋኑ ይወርዳል። የኛ ተማሪ ዓይኑ የሚከደነው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ 11 ሰዓት ላይ ለሱብሂ ይነሳል። አልዋሸንም ነበር። ነገር ግን ከእንቅልፉ የጎደለው ጠዋት ላይ ሳይሆን ማታ ላይ መሆኑን እርሱም አላስተዋለም፤ እኛም አላስተዋልንም። ሱብሂን ትቶ እስከ 12 ሰዓት ተኩል ቢተኛ እንኳ የሚያገኘው አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ያም ቢሆን ለዕድሜው አይበቃውም።

ይህን የምናነሳው ነገሩ የአንድ ልጅ ብቻ ስላልሆነ ነው። በቢቸናም በሞጣም ከወላጆች ደጋግመን የሰማነው አንድ ንግግር አለ፤ «ፈተና ስላለበት ለሱብሂ አትቀስቅሱት፣ ይተኛ።» ንግግሩ ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ ልጅ ሲያንቀላፋ ማየት ያሳዝናል። ግን ልጁ ከዚያ የሚማረው ሶላትና ትምህርት የሚሻሙ ነገሮች እንደሆኑ ነው። አንዱን ለመያዝ ሌላውን መልቀቅ እንዳለበት ካመነ፣ ፈተናው አልፎም ሱብሂው ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ እንቅልፉን በእርግጥ የወሰደው ምን እንደሆነ መመርመር ይገባል።

ሌሊቱ ራሱ ምን ያህል ነው?

እስቲ በሰዓት እናስላው። ቢቸናና ሞጣ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማይርቁ የሌሊታቸው ርዝመት በክረምትና በበጋ እምብዛም አይለያይም። በአካባቢያችን ዒሻ የሚገባው እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ20 እስከ 2 ሰዓት ከ10 ገደማ ባለው ጊዜ ነው። ሱብሂ ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ45 እስከ 11 ሰዓት ከ40 ገደማ ይገባል። በመካከል ያለው ጊዜ ሌሊቱ እጅግ በሚያጥርበት በሰኔ ወር እንኳ ከ8 ሰዓት ተኩል አያንስም፤ በታኅሣሥ ወደ 10 ሰዓት ይጠጋል። ለንደን ወይም ስቶክሆልም የሚኖሩ ወንድምና እህቶቻችን በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቅባቸው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው፤ የምትወጣባቸውም ከሌሊቱ 11 ሰዓት በፊት ነው። እነርሱ ዒሻና ሱብሂ ተቀራረቡብን ቢሉ እውነት አላቸው። ጎጃም ላለ ሰው ግን አላህ ሌሊቱን ሰፊ አድርጎ ሰጥቶታል።

የእንቅልፍ ሐኪሞች አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉት ደግሞ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንዲተኙ ይመክራሉ። ዒሻን ሰግዶ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል የሚተኛ አዋቂ 11 ሰዓት ላይ ቢነሳ 7 ሰዓት ተኩል ተኝቷል። ተጨማሪ ምንም አያስፈልገውም።

ለጎረምሳ ልጅ ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ ማመን አለብን። በዚያ ዕድሜ የሰውነት ሰዓት ወደ ኋላ ይገፋል፤ እንቅልፍ የሚመጣው ከልጅነቱ ጊዜ ዘግይቶ ነው። ስንፍና አይደለም፣ ተፈጥሮ ነው። ስለዚህ ጎረምሳው በ3 ሰዓት ተኩል ቢተኛም ከሚያስፈልገው ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ይጎድለዋል። ይህን በቀን እንቅልፍ መሙላት ይቻላል፤ ወደታች እንመለስበታለን። ከሱብሂ በኋላ ትንሽ ጋደም ቢልም ወላጅ አይቆጣው። ብዙ ዑለማዎች የዚያን ሰዓት እንቅልፍ ባይወዱትም ሐራም ግን አላሉትም።

ከዒሻ በኋላ ያለችው ሰዓት

በቡኻሪና በሙስሊም ከተዘገቡት ሐዲሶች አንዱ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻ በፊት መተኛትንና ከዒሻ በኋላ ወሬ ማብዛትን ይጠሉ እንደነበር ይነግረናል። ልጆች ሳለን ይህን እንደ አንድ የአደብ ነጥብ ብቻ ሸምድደነው አልፈናል። የእንቅልፍን አሠራር ከተረዳን በኋላ ስናየው ግን ሁለቱም ክፍሎቹ ቦታቸው ላይ ናቸው።

እንቅልፍ የሚመጣው ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ነው። አንደኛው ድካም ነው። ከነቃንበት ጊዜ ጀምሮ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ በበዛ ቁጥር የመተኛት ፍላጎት ይጨምራል። መግሪብን ሰግዶ ሶፋ ላይ ለአንድ ሰዓት የሚያሸልብ ሰው ይህን ክምችት ይቀንሰዋል፤ ከዚያ በ4 ሰዓት አልጋ ላይ ሲወጣ እንቅልፉ «የት ሄደ?» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ የሰውነት ሰዓት ነው። ይህ ሰዓት የሚሞላው በብርሃን ነው። ዓይናችን ውስጥ ብርሃንን ለአንጎል ብቻ የሚናገሩ ልዩ ሕዋሳት አሉ፤ ጨለማ ሲሆን አንጎል ሜላቶኒን የተባለውን ሆርሞን ይለቅቃል፣ ሰውነትም ለእንቅልፍ ይዘጋጃል። ይህ ሰዓት በሕዋስ ደረጃ እንዴት እንደሚሠራ ያሳዩ ሦስት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች በ2017 እ.ኤ.አ. በሕክምና ዘርፍ የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

የስልክ ስክሪን ዓይን አጠገብ ተይዞ ሲታይ ለዚያ ሰዓት ገና እንዳልመሸ ይነግረዋል። ከብርሃኑ የከፋው ግን ይዘቱ ይመስለናል። ቲክቶክ ማለቂያ የለውም፤ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ሁልጊዜ አንድ የሚያስቆጣ ወሬ አለ። ልቡ በንዴት ወይም በሳቅ የሚመታ ሰው መብራት ስላጠፋ ብቻ አይተኛም። ሃይማኖታዊ ክርክርም ከዚህ አይለይም። እስከ እኩለ ሌሊት ስለ ሱንና ተከራክሮ ሱብሂ የሚያመልጠው ወጣት ብዙ ነው፤ እኛም ከነርሱ አንዱ ነበርን።

ያዋጣን ዘዴ ቀላል ነው። ስልኩን ቻርጅ የምናደርገው ከምንተኛበት ክፍል ውጭ፣ ወይም ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ ከአልጋው ተነሥቶ ካልተሄደ እጅ በማይደርስበት ቦታ ነው። «ለሱብሂ ማንቂያ ያስፈልገኛል» የሚል ካለ ይህ ይበልጥ ይጠቅመዋል፤ ማንቂያውን ለማጥፋት መነሳት ግድ ይሆንበታልና። ሱቅ ያላቸው ወንድሞችም የዕለቱን ሂሳብ አልጋ ላይ ይዘው ባይወጡ ጥሩ ነው። የነገ ዕዳና የቀረ ዕቃ በወረቀት ላይ ተጽፎ ሱቅ ውስጥ ሲቀር አእምሮ ያርፋል።

ከዚያ ሱንናው ራሱ የተሟላ የመኝታ ሥርዓት አለው። ውዱእ ማድረግ፣ አልጋውን በልብስ ጠርዝ ማራገፍ፣ በቀኝ ጎን መጋደም፣ አየተል ኩርሲን መቅራት፣ ሦስቱን አጫጭር ሱራዎች ቀርቶ እጅ ላይ እፍ ብሎ ገላን ማበስ። የመጀመሪያ ዓላማው ዒባዳ ነው፤ እንደ መድኃኒት ብቻ ልናየው አይገባም። ሆኖም በየምሽቱ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል የሚደረግ ነገር ሰውነትን «አሁን የመኝታ ሰዓት ነው» ብሎ ያለማምደዋል። ሐኪሞች ለሕፃናት ጭምር የሚመክሩት ይህንኑ ነው። ውዱኡ በሞቀ ውሃ ከሆነ ደግሞ በኛ ብርድ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። እግር ሲሞቅ ደም ወደ ቆዳ ይሄዳል፣ የውስጥ ሙቀት ዝቅ ይላል፣ እንቅልፍም ፈጥኖ ይመጣል። እግርን በደንብ አድርቆ ካልሲ ማጥለቅ ነው።

ቡናና ጫት

ቡናን አንነካም ብለን ነበር፤ ግን አይቻልም። ከሀገራችን ተሻግሮ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የመን ውስጥ ቡና የታወቀው ሱፊዎች ሌሊት ለዚክር ለመንቃት ሲጠጡት ነው። ስለዚህ ቡና እንቅልፍ አሳጣኝ የሚል ሰው ቡናው የተወደደበትን ሥራ በትክክል ሠራለት ማለት ነው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የአዴኖሲንን መቀመጫ ይይዛል፤ ድካሙ አለ፣ አንጎል ግን አይሰማውም። ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ ለአብዛኛው ሰው 5 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ለነፍሰ ጡር ሴት ከዚያም ይረዝማል። ከመግሪብ በፊት 12 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የጠጣ ሰው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ግማሹ አሁንም በደሙ ውስጥ ነው። «እኔን ቡና አያነቃኝም» የሚሉ አሉ። እንቅልፍ ይወስዳቸው ይሆናል፤ እንቅልፉ ግን ይሳሳል፣ በትንሽ ኮሽታ ይቋረጣል።

ጎረቤት ጠርቶን እምቢ ማለት በኛ ሀገር ነውር እንደሆነ እናውቃለን። ስለዚህ የምንመክረው ቡናውን ማስቀረት ሳይሆን ሰዓቱን ማስቀደም ነው፤ ከዙህር በኋላ ይፈላ፣ ከዐስር አይለፍ። የማታ ጥሪ ላይ አንድ ስኒ በረካውን ብቻ መቅመስ ይቻላል፤ እርሱ ይቀጥናል። ሻይም፣ ኮካም ካፌይን እንዳላቸው አይረሳ።

ጫትን በተመለከተ አጭር እንሁን። በፈተና ሰሞን ለጥናት ብለው የሚቅሙ ተማሪዎች በሁለቱም ከተሞች አይተናል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አንጎልን በግድ ያነቃል፤ የተነበበው ነገር በአእምሮ የሚጸናው ግን በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ነቅቶ ያደረው ልጅ ያጠናውን ይዞ ሳይሆን ጥሎት ነው ፈተና ክፍል የሚገባው። ከምርቃናው በኋላ ለመተኛት ኪኒን የሚፈልግም አለ፤ ያ ሌላ ጉድጓድ ነው።

የምንተኛበት ክፍል

ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። እዚህ ላይ ስለ እንቅልፍ ጥራት ሳይሆን ስለ ሕይወት እንናገራለን፤ አንባቢ ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህን ባይረሳ ደስ ይለናል።

በብርድ ሌሊት ከሰል አቀጣጥሎ፣ ጭሱ እስኪያልቅ ውጭ አቆይቶ፣ ፍም ሲሆን ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ በሩን መዝጋት የተለመደ ነው። ብዙ ሰው አደጋው ጭሱ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። አይደለም። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም፤ የሚወጣውም ቀይ ሆኖ ከሚያምረው ፍም ነው። ይህ ጋዝ ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሚበልጥ ኃይል ስለሆነ፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ቀድሞ የነቃ ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መዛል ይሰማዋል፤ ያኔ ወዲያው ሁሉንም ሰው ወደ ውጭ አውጥቶ ወደ ሆስፒታል መሄድ እንጂ ውሃ ጠጥቶ ተመልሶ መተኛት አይገባም። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ሌሊት ራሳቸውን ካመማቸው በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ማንደጃው ነው።

በመዲና አንድ ቤት ሌሊት በባለቤቶቹ ላይ ተቃጥሎ ነበር። ወሬው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲደርሳቸው እሳት ጠላታችን እንደሆነና ስንተኛ ልናጠፋው እንደሚገባ ተናገሩ። በሌላ ሐዲስ መብራትን ስለማጥፋት ሲያዙ አይጧ ክሩን ጎትታ ቤቱን ልታቃጥል እንደምትችል ምክንያቱን ጭምር ነግረዋል። ኩራዝና ሻማ ለሚያበራ፣ መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ይህ ቃል ዛሬም ትኩስ ነው። ስለዚህ ክፍሉን ከመኝታ በፊት በሩ ተከፍቶ ማሞቅ፣ ከዚያ ማንደጃውን ከነፍሙ ወደ ውጭ ማውጣት፣ ገላን ደግሞ በጋቢና በብርድ ልብስ ማሞቅ ነው መንገዱ። ክፍሉ ቀዝቀዝ ቢል ለእንቅልፍ ይሻላል፤ ሞቆ መተኛት ያለበት ሰውነት እንጂ አየሩ አይደለም። ብርዱ ከመሬት የሚመጣ ከሆነ ከፍራሹ ሥር አጎዛ ወይም የታጠፈ ካርቶን ማንጠፍ ከላይ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ከመደረብ ይበልጥ ይጠቅማል።

ወደ ትኋኑ እንመለስ። ትኋን የድህነት ምልክት አይደለም፤ በሻንጣና በተገዛ አሮጌ አልጋ ማንም ቤት ይገባል። ቀን የሚደበቀው በአልጋው መጋጠሚያ፣ በፍራሹ ስፌት፣ በግድግዳው ስንጥቅ ነው። አንሶላና ልብስ በፈላ ውሃ መቀቀል፣ የአልጋውን እንጨት መጋጠሚያ በፈላ ውሃ ማጠብ፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጥቶ ስፌቱን በብሩሽ መጥረግ፣ ስንጥቁን በጭቃ ወይም በሲሚንቶ መለሰን፣ አልጋውን ከግድግዳ ማራቅ፤ ይህንንም በየሳምንቱ ለአንድ ወር ያህል መደጋገም ያስፈልጋል፤ ከዕንቁላል የሚፈለፈሉት በኋላ ነውና የሚመጡት። ለእህል ወይም ለማሳ የተሠራ ፀረ ተባይ በፍራሽ ላይ መርጨት ግን የተኛውን ሰው ይመርዛል። ይህን ያደረጉ ሰዎች እናውቃለን፤ ትኋኑም ተመልሶ መጣ።

ብርሃንን በተመለከተ ብዙ አንልም። ወፍራም መጋረጃ ወይም ዓይን ላይ የሚጣል ሻሽ ይበቃል። ጨለማ የሚያስፈራው ሕፃን ካለ ትንሿ መብራት ከዓይኑ መስመር በታች፣ ከአልጋው ሥር ትሁን።

ቀን ላይ የሚዘራ እንቅልፍ

የሌሊት እንቅልፍ በአብዛኛው የሚሠራው ቀን ነው። ከሱብሂ በኋላ ወደ ውጭ ወጥቶ የጠዋት ብርሃን ማግኘት የሰውነትን ሰዓት ይሞላል፤ ከመስጊድ በእግሩ የሚመለስ ሰው ሳያውቀው ይህን እያደረገ ነው። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት የሚነሳ ሰው ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት እንቅልፍ ይመጣለታል። እዚህ ላይ ሱብሂ እንቅልፍን የሚሻማ ሳይሆን የሚያስተካክል ሆኖ እናገኘዋለን፤ ቅዳሜም እሑድም አይቀየርምና።

ቀይሉላ የሚባለው የቀትር ጋደም ማለት ሱንና ነው። ልኩ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነው። ከዚያ ካለፈ ሰውነት ወደ ጥልቅ እንቅልፍ ስለሚገባ ሲነቁ ራስ ይከብዳል፤ ከዐስር በኋላ ከሆነ ደግሞ የማታውን ይሰርቃል። ከላይ ለጎረምሳው ይጎድለዋል ያልነውን ከሚሞሉት መንገዶች አንዱ ይህ ነው። ከትምህርት ቤት እንደመጣ ለከብት ወይም ለሱቅ ከመላክ በፊት ግማሽ ሰዓት ይሰጠው።

ይህን ሁሉ አድርጎም ሱብሂ ያመለጠው ሰው ራሱን ሊረግም አይገባም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከኸይበር ሲመለሱ ሌሊት አርፈው እንዲቀሰቅሳቸው የተመደበው ሐበሻው ቢላል (ረ.ዐ) ነበር። ቢላል ወደ ምሥራቅ ዞሮ ግመሉን ተደግፎ ሲጠብቅ ዓይኑ አሸነፈው፤ ሁሉንም ያነቃቸው የፀሐይ ሙቀት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልሰደቡትም፤ ተነሥተው ሰገዱ። እኛ ያንን ልጅ ከሰሌዳው አጠገብ ስናቆመው ይህን ታሪክ በቃላችን እናውቀው ነበር።

ፍርሃት ያለበት ሌሊት

እስካሁን ያልነው ሁሉ ሰላም ላለው ሌሊት ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞጣ ውስጥ መስጊዶች ሲቃጠሉና የሙስሊሞች ሱቆች ሲወድሙ ያዩ ሰዎች፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሳው ጦርነት የተኩስ ድምፅ እየሰማ የሚያድር የሁለቱም እምነት ተከታይ ጎረቤት፣ መጋረጃና ካልሲ ይበቃዋል ብንል ያፌዝንበት ያህል ነው። በአደጋ ውስጥ ያለ ሰው አንጎል ሆን ብሎ እንቅልፉን ያሳሳል፤ ጠባቂ መሆኑ ነው። አደጋው ካለፈ በኋላ ግን ጠባቂው ሳይወርድ የሚቀርበት ሰው አለ። የበር ድምፅ ያስደነግጠዋል፣ ያን ቀን በሕልሙ ያየዋል፣ መተኛት ራሱ ያስፈራዋል።

እንቅልፍ እምቢ ሲል አልጋ ላይ መታገል ነገሩን ያብሰዋል፤ አልጋው የትግል ቦታ ሆኖ ይለመዳል። ሃያ ደቂቃ ያህል ካለፈ ተነሥቶ በደብዛዛ ብርሃን መቀመጥ፣ ሁለት ረከዓ መስገድ ወይም ዚክር ማለት፣ እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ መመለስ የተሻለ ነው። ሰዓቱን ማየት አያስፈልግም። በመጥፎ ሕልም ለነቃ ሰውም ሱንናው ግልጽ ነው፤ ከሸይጣን በአላህ መጠበቅ፣ ወደ ግራ ሦስት ጊዜ እትፍ ማለት፣ ጎንን መቀየር፣ ከፈለገም ተነሥቶ መስገድ። ልጅ ሲባንን «ወንድ ልጅ አይፈራም» ማለት ይቅርና እናት ወይም አባት አጠገቡ ይቀመጡ። ማታ ማታ ስለ ጦርነቱ የሚወራው ወሬ ልጆች ከተኙ በኋላ እንኳ ዝቅ ባለ ድምፅ ይሁን፤ ግድግዳችን ስስ ነው።

እንዲህ ያለው ሁኔታ ከወር በላይ ከቀጠለ፣ ወይም ያለ ምንም ፍርሃትም ቢሆን በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ ለሦስት ወር እንቅልፍ ከጠፋ፣ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። እየተኛ ኃይለኛ ኩርፊያ የሚያኮርፍና ትንፋሹ እየተቋረጠ የሚባንን ሰውም እንዲሁ። «የእብድ ሕክምና» የሚለው ሐሜት ብዙ ሰው አስቀርቷል። ቁስልን ሐኪም ዘንድ የሚወስድ ሰው እንቅልፉን የሚያስቀርበት ሸሪዓዊ ምክንያት የለም። ሩቅያም ዱዓም ሕክምናን አይከለክሉም። ከፋርማሲ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚገዛ የእንቅልፍ ኪኒን ግን ሰውነት በጥቂት ሳምንት ይለምደዋል፣ ከዚያ ያለርሱ እምቢ ይላል።

ያን ልጅ ከጠየቅነው በኋላ ያደረግነው ትንሽ ነገር ነበር። አከራይዋን እትዬ ብለን ለምነናቸው ማብሪያው ወደ ልጆቹ ክፍል ተዛወረ፤ ሽቦውን ራሳችን ገዛን። ሦስቱ ልጆች አንድ ቅዳሜ ፍራሹን አውጥተው ግድግዳውን ለሰኑ። ስልኩ ማታ ማታ የሚቀመጠው በስንቅ ሳጥኑ ውስጥ እንዲሆን ተስማሙ፤ ይህኛው ስምምነት ሁለት ሳምንት ቆይቶ ፈርሶ እንደገና ተጀመረ። ልጁ ሱብሂን አልተወም። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አሁንም አንዳንዴ ያንቀላፋ ነበር፤ በተለይ ሰኞ፣ እሑድ ከሰዓት ስንቁን ተሸክሞ ከገጠር በእግሩ ተመልሶ ሲያድር። ሰኞ ሰኞ ጥያቄ መጠየቅ የምንጀምረው ከሌላኛው ረድፍ ሆነ።